ዕዳና መሬት፦ አሜሪካን አገር ያደረጓት ጦርነቶች ጥለውት ያለፉት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. 2026 የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ 250ኛ ዓመት የሚዘከርበት ዓመት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው)። በበዓሉ ሰሞን የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ የለንደን መንግሥት ውክልና ባልተሰጣቸው ቅኝ ግዛቶች ላይ ግብር ጣለ፣ ቅኝ ግዛቶቹ ሻዩን ወደብ ውስጥ ደፉ፣ ተዋጉ፣ ነጻ ወጡ። ታሪኩ ውሸት የለበትም፤ ችግሩ ከመሀል መጀመሩ ነው። ግብሩ ለምን እንዳስፈለገ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ያው የግብር ጉዳይ በአዲሱ መንግሥት ላይ ጠመንጃ ያስነሳው ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ከ1675 እስከ 1815 የተካሄዱትን ግጭቶች በተርታ የተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እያንዳንዱ ጦርነት ማን እንደሚከፍለው ያልለየ ዕዳና ለማን እንደሚሆን ያልተቆረጠ መሬት ጥሎ ያልፋል፤ ቀጣዩ ግጭትም የሚፈነዳው እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ከተያዙበት መንገድ ነው።

በ1620 ወደ ፕሊመዝ የመጡት እንግሊዛውያን የመጀመሪያዎቹን አስቸጋሪ ዓመታት የተሻገሩት የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ከነበረው ከማሳሶይት ጋር በመሠረቱት ወዳጅነት ጭምር ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ የዚሁ ሰው ልጅ ሜታኮም፣ እንግሊዞቹ «ንጉሥ ፊሊፕ» ይሉት የነበረው፣ ጦር አነሳባቸው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የዋምፓኖአግ መሬት በሽያጭ፣ በዕዳና በከብት ግጦሽ እየተሸራረፈ ሄዶ ነበር፤ በጁን 1675 ሦስት ዋምፓኖአጎች በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የግድያ ወንጀል ተፈርዶባቸው መሰቀላቸው ደግሞ የመጨረሻውን ክብሪት ጫረ። ከኒው ኢንግላንድ የእንግሊዝ መንደሮች ከግማሽ የሚበልጡት ጥቃት ደረሰባቸው፤ በነባሮቹ ሕዝቦች ላይ የደረሰው እልቂት ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነበር። ሜታኮም በኦገስት 1676 ተገደለ፣ ጭንቅላቱ በፕሊመዝ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ቆየ፣ ልጁም በባርነት ተሸጠ። ቅኝ ግዛቶቹ ጦርነቱን የተዋጉት ከለንደን ይህ ነው የሚባል እርዳታ ሳያገኙ ስለነበር መሬቱን የራሳቸው ደም ዋጋ አድርገው ማየት ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ በለንደን ላይ የሚያሰሙት ክርክር ፍሬ ነገር ከዚሁ የሚመነጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዓመት በቨርጂኒያም እሳት ተነሳ። የውል አገልግሎታቸውን ጨርሰው ነጻ የወጡ፣ ነገር ግን መሬት ያላገኙ ነጮች በዳር አካባቢ ተጠራቅመው ነበር፤ የትምባሆ ዋጋ ወርዷል፣ ግብሩ ከብዷል፣ አገረ ገዢው ዊልያም በርክሊ ደግሞ የነባሮቹን ሕዝቦች መሬት እንዲወርሩ አልፈቀደላቸውም። ናትናኤል ቤከን የተባለ ወጣት ባለርስት ይህን ቁጣ መርቶ በሴፕቴምበር 1676 ዋና ከተማዋን ጄምስታውንን አቃጠለ፤ ሳይውል ሳያድርም በተቅማጥ በሽታ ሞተ። እጅ ሳይሰጡ ከቆዩት የመጨረሻ አማጽያን መካከል 80 ገደማ ጥቁር ባሮችና 20 ገደማ ነጭ አገልጋዮች በአንድነት ጠመንጃ ይዘው ተገኙ። ባለርስቶቹ ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ወደ አፍሪካውያን ባርነት ማዞራቸውና በ1705 የወጣው የቨርጂኒያ የባርነት ሕግ ጥቁሩን ከነጩ በቆዳው ቀለም አጥብቆ መለየቱ የዚህ አመጽ ውጤት ብቻ አይደለም። ሆኖም ያ የጋራ ሰልፍ ዳግመኛ እንዳይታይ ምን ያህል እንደተጠነቀቁ ሕጉ ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ለመረዳት ዓይንን በአንድ ስፍራ ላይ ማሳረፍ ይበጃል። አሌጌኒና ሞኖንጋሂላ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው የኦሃዮን ወንዝ በሚፈጥሩበት፣ ዛሬ ፒትስበርግ ከተማ በቆመችበት ቦታ ላይ ፈረንሳይ ምሽግ ሠርታ ነበር። የቨርጂኒያ ባለጸጎችም በዚያው ምድር ላይ መሬት ሸንሽኖ ለመሸጥ «የኦሃዮ ኩባንያ» የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል፤ ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የጆርጅ ዋሽንግተን ወንድሞች ይገኙበታል። በሜይ 1754 የ22 ዓመቱ ዋሽንግተን ከነባሮቹ መሪ ከታናግሪሰን ጋር ሆኖ ዡሞንቪል በተባለ የፈረንሳይ መኮንን የሚመራ አነስተኛ ጓድ ላይ ድንገት ተኩስ ከፈተ፤ መኮንኑም ተገደለ። ከሳምንታት በኋላ በተራው ተከቦ እጁን ሲሰጥ ያልገባውን በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሰነድ ፈረመ፤ ሰነዱም ዡሞንቪልን በነፍሰ ገዳይነት እንደገደለው የሚያምን ነበር። በአውሮፓ፣ በካሪቢያንና በሕንድ ሳይቀር የተዛመተው የሰባት ዓመት ጦርነት የመጀመሪያ ጥይት የተተኮሰው በዚያ ጫካ ውስጥ ነው።

ለንደን ይህን ሽንፈት ለመበቀል ጄኔራል ኤድዋርድ ብራዶክን ላከች። ብራዶክ በኤፕሪል 1755 አምስት አገረ ገዢዎችን የሰበሰበው በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ካርላይል በሚባል ነጋዴ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል፤ በአካባቢው የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በየዕለቱ የሚያልፉበት የብራዶክ መንገድና የባቡር ጣቢያውም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ ጄኔራሉ ቅኝ ግዛቶቹ ለጦርነቱ የጋራ ካዝና እንዲያዋጡ ጠየቀ፤ አገረ ገዢዎቹ ምክር ቤቶቻችን ሰባራ ሳንቲም አይሰጡም አሉት። ብራዶክም ገንዘቡ በለንደን ፓርላማ ትእዛዝ በግብር መልክ ቢሰበሰብ ይሻላል የሚል ሐሳብ ወደ አገሩ ጻፈ። ለንደን በቅኝ ግዛቶቹ ሕጋዊ ወረቀቶችና ጋዜጦች ላይ የጣለችው የቴምብር ቀረጥ ከመታወጁ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። እኔ የአብዮቱን መነሻ ከቦስተን ወደብ ይልቅ እዚህ ሳሎን ውስጥ መፈለግን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የብራዶክ ሠራዊት ጁላይ 9 ቀን 1755 የሞኖንጋሂላን ወንዝ ተሻግሮ ጫካ ውስጥ ገባ። ፈረንሳውያንና በቁጥር የሚበልጧቸው ነባር ተዋጊዎች ድንገት ገጥመውት ከዛፍ ጀርባ ሆነው ተኮሱበት፤ 1300 ያህል ከነበረው ጦር ሁለት ሦስተኛው ሞተ ወይም ቆሰለ። ብራዶክም ከአራት ቀን በኋላ ሞተ፣ ዋሽንግተንም በመንገዱ መካከል አስቀበረው፤ መቃብሩ እንዳይታወቅም ጋሪዎቹና ወታደሮቹ ሁሉ በላዩ እንዲያልፉ ተደረገ። የሞኖንጋሂላውን ሜዳ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከ39 ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት እንመለስበታለን።

ብሪታንያ በመጨረሻ አሸነፈች፣ በ1763 የፓሪስ ውልም ፈረንሳይ ካናዳንና ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ የነበራትን ይዞታ ከሞላ ጎደል ለቀቀች። ድሉ ግን የብሪታንያን መንግሥት ዕዳ ወደ እጥፍ አስጠግቶት ነበር። በዚያው ዓመት የኦታዋው መሪ ፖንቲያክና ሌሎች የነባሮቹ መሪዎች፣ ፈረንሳይ የራሷ ያልነበረውን መሬት አሳልፋ መስጠቷን አንቀበልም ብለው በሳምንታት ውስጥ ስምንት የብሪታንያ ምሽጎችን ያዙ። በፒት ምሽግ ተከብበው የነበሩት ብሪታንያውያን ለድርድር ለመጡ የደላዌር ሕዝብ መልእክተኞች ከፈንጣጣ ሕሙማን ክፍል የወጡ ብርድ ልብሶችና መሐረብ «በስጦታ» ሰጥተዋል፤ ይህም በወቅቱ እዚያው በነበረ ነጋዴ ማስታወሻ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።

ለንደን ነገሩን በሁለት ውሳኔ ለማብረድ ሞከረች። በኦክቶበር 1763 ንጉሡ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ምዕራብ ነጭ እንዳይሰፍር አወጀ፤ አዋጁን የሚያስከብሩ 10000 ያህል ወታደሮችም አሜሪካ ውስጥ እንዲቀመጡ ተወሰነ። የወታደሮቹ ወጪ በከፊል ከቅኝ ግዛቶቹ እንዲሸፈን ነው እንግዲህ የ1765ቱ የቴምብር ቀረጥ የመጣው። ለቨርጂኒያ ባለርስት ነገሩ ድርብ ቁጣ ነበር፤ ደሙን ያፈሰሰበትን መሬት ተከልክሏል፣ የከልካዩንም ደመወዝ ክፈል ተብሏል። ዋሽንግተን ራሱ በ1767 ለመሬት ቀያሹ በጻፈው ደብዳቤ አዋጁን ነባሮቹን ለማረጋጋት የተወሰደ ጊዜያዊ መላ አድርጎ እንደሚያየው ገልጾ፣ ከአሁኑ ጥሩ ጥሩውን መሬት በምስጢር ምልክት እንዲያደርግለት አሳስቦታል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። የቴምብር ቀረጡ በ1766 ተሻረ፣ ሌሎች ቀረጦች ተተኩ፣ በማርች 1770 በቦስተን አምስት ሰዎች በወታደሮች ጥይት ሞቱ፣ በዲሴምበር 1773 ከ340 የሚበልጡ የሻይ ሣጥኖች ወደብ ውስጥ ተደፉ። ሻዩ ከበፊቱ ይረክስ እንጂ አልተወደደም ነበር፤ የተጠላው ፓርላማው ቀረጥ የመጣል መብት አለው ማለቱ ነው። ለንደን በ1774 ካወጣቻቸው አዋጆች ውስጥ ግን ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን ምድር ለካናዳዋ ኩቤክ የሰጠው አዋጅ ከሚገባው በታች ነው የሚታወሰው። የመሬት ነጋዴዎቹ የመጨረሻ ተስፋ የተቆረጠው በእርሱ ነው።

በኤፕሪል 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ጦርነቱ ሲጀመር የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ሎርድ ደንሞር ባለርስቶቹን በሚያስፈራቸው ቦታ ነካቸው። በኖቬምበር ባወጣው አዋጅ፣ የአማጽያን ንብረት የሆኑ ባሮች ለንጉሡ ከተሰለፉ ነጻ ይሆናሉ አለ። በሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ወደ እርሱ ሸሹ፣ እርሱም «የሎርድ ደንሞር የኢትዮጵያ ሬጅመንት» ብሎ አደራጃቸው። ሰዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ አልነበሩም፤ በዘመኑ እንግሊዝኛ ስሙ ለጥቁር ሁሉ ይውል ነበር። ሬጅመንቱ በግሬት ብሪጅ ተዋግቶ ከሌላው የደንሞር ጦር ጋር ተሸነፈ፣ ከዚያም የበዙት አባላቱ በመርከቦችና በደሴት ላይ እንደተጨናነቁ በፈንጣጣ አለቁ። የነጻነት አዋጁ ንጉሡን ከከሰሰባቸው ነጥቦች የመጨረሻው «በመካከላችን የውስጥ አመጽ አስነሳ» የሚል መሆኑ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያቋርጥ ነባሮቹን ሕዝቦች «ርኅራኄ የሌላቸው አረመኔዎች» ብሎ ይቀጥላል። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ በሚለው ሰነድ ውስጥ ዕዳውና መሬቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ተጠቁሟል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የአንዱን ሕይወት ማየት በቂ ነው። ሃሪ ዋሽንግተን የጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያ ሆኖ በማውንት ቨርነን ይሠራ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ አምልጦ ከብሪታንያ ጦር ጋር ተቀላቀለ። በ1783 ብሪታንያ ኒውዮርክን ስትለቅ ጄኔራል ዋሽንግተን የሸሹት ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ ጠየቀ፤ የብሪታንያው አዛዥ ጋይ ካርልተን ቃል የተገባላቸውን አልመልስም ብሎ የ3000 ያህል ጥቁሮችን ስም በመዝገብ አስፍሮ በመርከብ አወጣቸው። ሃሪ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ በ1792 ደግሞ ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። በ1800 በዚያ ቅኝ ግዛቱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በመሬት ላይ የጣለውን ግብር ተቃውመው ካመጹት ሰፋሪዎች መካከል ተገኘ፤ ተይዞም በግዞት ተቀጣ። የቀድሞ ጌታው ያሸነፈበትን ጥያቄ ነበር ያነሳው።

በ1783ቱ የሰላም ውል ብሪታንያ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ ያለውን ምድር ለአዲሲቱ አገር ለቀቀች። በድርድሩ ላይ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንድም ተወካይ አልነበረም፤ ለብሪታንያ የተዋጉት ሞሃኮች ቀርቶ ለአሜሪካ የተሰለፉት ኦናይዳዎችም አልተጠየቁም። ኮንግረሱ በዚህ መሬት ሽያጭ ዕዳውን ለመክፈል አስቦ ነበር። ነገር ግን ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ለወታደሮቹ የከፈላቸው በወረቀት ነው፤ የተቸገሩት ወታደሮችም ወረቀቱን ከዋጋው በታች፣ አንዳንዴም ለእፍኝ ሳንቲም፣ ለነጋዴ ሸጡት። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ይህንኑ የጦርነት ዕዳ በሙሉ ዋጋው እከፍላለሁ ብሎ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከባድ ግብር ሲጥል፣ ደመወዙን በወረቀት ተቀብሎ ያረከሰው ገበሬ የዚያን ወረቀት ሙሉ ዋጋ ለገዛው ሰው እንዲከፍል ተገደደ። ያልቻለ እርሻው ተሸጠ፣ አልፎም ታሰረ። በኦገስት 1786 ገበሬዎቹ ፍርድ ቤቶች እንዳይከፈቱ በራፋቸው ላይ ተሰለፉ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ የአብዮቱ ጦር መኮንን የነበረው ዳንኤል ሼይስ ነው። በጃንዋሪ 1787 የስፕሪንግፊልድን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሲሞክሩ መድፍ ተተኩሶባቸው አራት ሰዎች ሞቱ። ያሳደዳቸው ጦር ወጪ የተሸፈነው በቦስተን ነጋዴዎች መዋጮ ነበር፣ የኮንግረሱ ካዝና ባዶ ነበርና። በሜይ ወር በፊላደልፊያ ለተሰበሰቡት ሰዎች ይህ ትኩስ ትዝታ ነው፤ ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም ለኮንግረሱ ግብር የመሰብሰብና «አመጽን ለመግታት» ሚሊሻ የመጥራት ሥልጣን ሰጠው።

የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1790 የግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ሁሉ ፌዴራል መንግሥቱ እንዲረከብ ሐሳብ አቀረበ። ዕዳቸውን አብዛኛውን የከፈሉት እንደ ቨርጂኒያ ያሉ ግዛቶች እምቢ አሉ። ሃሚልተንና ሁለቱ የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች ቶማስ ጄፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን እራት ላይ ተገናኝተው የደረሱበት ስምምነት የታወቀ ነው፤ ደቡቦቹ ዕዳውን ይቀበሉ፣ በምትኩም ዋና ከተማዋ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ትመሥረት። ዋሽንግተን ዲሲ በዚህ መልኩ የዕዳ ድርድር ልጅ ናት።

ዕዳውን ለመክፈል ከተገኙት ምንጮች አንዱ በ1791 በአገር ውስጥ በሚወጣ አልኮል ላይ የተጣለው የኤክሳይስ ቀረጥ ነው። ከተራራው ማዶ ላለው የምዕራብ ፔንሲልቬኒያ ገበሬ ውስኪ መጠጥ ብቻ አልነበረም። እህል በፈረስ ተጭኖ ተራራ ቢሻገር ዋጋውን መንገድ ይበላዋል፤ ውስኪ ግን ይሸጣል፣ የጉልበት ደመወዝም ሆኖ ይከፈላል። ሕጉ ደግሞ በብዛት የሚያወጣ ባለ ትልቅ ጋን ለእያንዳንዱ ጋሎን የሚደርስበት ቀረጥ እንዲያንስ ያደርግ ነበር፤ ያልከፈለ የሚከሰሰውም ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ፊላደልፊያ ነው። በጁላይ 1794 አማጽያን የቀረጥ ተቆጣጣሪውን የጆን ኔቪልን ቤት ከበው አቃጠሉት፣ መሪያቸው ጄምስ ማክፋርሌን ግን በጥይት ወደቀ። ኦገስት 1 ቀን 7000 ያህል ሰው የተሰበሰበበት ሜዳ ብራዶክ የተሸነፈበት ያው የሞኖንጋሂላ ሜዳ ነበር። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን በ1792 በወጣው የሚሊሻ ሕግ መሠረት ወደ 13000 የሚጠጋ ጦር ጠርቶ መንገዱን በከፊል ራሱ መራው። ጦሩ ሲደርስ የሚዋጋው ሰው አላገኘም፤ በአገር ክህደት የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎችም ምሕረት ተደረገላቸው። ቀረጡ በፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዘመን፣ በ1802፣ ተሻረ። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ሥልጣን በለቀቀበት ዓመት በማውንት ቨርነን ውስኪ ማውጣት ጀምሮ ከአገሪቱ ትልልቅ አምራቾች አንዱ ሆኗል።

አማጽያኑ መንግሥት ግብር ይቀበለናል እንጂ ከጥቃት አያድነንም ይሉ ነበር። በኖቬምበር 1791 ሊትል ተርትልና ብሉ ጃኬት የሚመሩት የነባሮቹ ኅብረት ከጄኔራል ሴንት ክሌር ጦር ከ600 በላይ ወታደሮችን ገድሎ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር ከነባሮቹ ጋር ባደረጋቸው ጦርነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ሽንፈት አልደረሰበትም። አዲስ የሠለጠነ ጦር በኦገስት 1794፣ ውስኪ አውጪዎቹ ሜዳው ላይ በተሰበሰቡበት ወር፣ ኅብረቱን ፎለን ቲምበርስ በተባለ ቦታ ድል አደረገው፤ በቀጣዩ ዓመት በግሪንቪል ውል አብዛኛው የዛሬው ኦሃዮ ተወሰደ። አንድ መንግሥት በአንድ በጋ ግብሩንም መሬቱንም በጦር አስከበረ ማለት ነው።

በ1798 ከፈረንሳይ ጋር በባሕር ላይ ያልታወጀ ጦርነት ሲጀመር ኮንግረሱ አራት አዋጆችን አወጣ። መንግሥትን መተቸትን ወንጀል ያደረገው አዋጅ የቬርሞንቱን የኮንግረስ አባል ማቲው ላየንን ለአራት ወራት አሳሰረ፤ መራጮቹም እዚያው እስር ቤት ሳለ መልሰው መረጡት። ከአራቱ ሁለቱ የጊዜ ገደባቸው አለቀ፣ አንዱ በ1802 ተሻረ። አራተኛው፣ የጠላት አገር ዜጎችን የሚመለከተው፣ የጊዜ ገደብ ስላልተጻፈበት ጸንቶ ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ጦርነት ከታወጀ፣ ወይም የውጭ መንግሥት ወረራ ወይም የዘረፋ ጥቃት ከፈጸመ ወይም ከቃጣ፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑና የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰዱ የዚያን አገር ሰዎች እንዲያስርና እንዲያባርር ይፈቅዳል። ሴቶችን እንዲጨምር የተደረገው በ1918 ነው።

አዋጁ መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በ1812 ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ሲነሳ ነው። ያ ጦርነት ዋሽንግተን ከተማን በኦገስት 1814 አስቃጥሎ ድንበሩን እንደነበረ ትቶ አለቀ፤ መሪያቸው ቴከምሴ በ1813 የተገደለባቸው ነባር ሕዝቦች ብቻ መሬታቸውንም አጋራቸውንም አጡ። ሕጉ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ተሠርቶበታል። በማርች 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጦርነት ባልታወጀበት ሁኔታ የቬኔዙዌላ የወንጀል ቡድን አባላት ናቸው የተባሉ ሰዎችን ለማባረር ጠቀሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል በሰጠው ውሳኔ ተባራሪዎቹ አስቀድሞ ማስታወቂያ ሊደርሳቸውና በዳኛ ፊት ሊከራከሩ ይገባል አለ፤ የወንጀል ቡድን መግባት በ1798 የተጻፈውን «ወረራ» ያሟላል ወይስ አያሟላም የሚለውን ግን በዚያ ውሳኔው አልዳኘም፤ የበታች ዳኞችም በዚህ ነጥብ ላይ የተለያየ ፍርድ ሰጥተውበታል።